አይሱዙና የኩንታላችን ዋጋ

የዛሬው የዋጋ ዝርዝር እንደተለመደው ማታ ይወጣል። አሁን የማወራችሁ ዝርዝሩ ላይ ስሙ ስለማይጻፍ ነገር ነው። ዝርዝሩን ተሸክሞ ስለሚመጣው መኪና።

ባለፈው ሳምንት ከመንዝ አንድ የማኅበር ሰው ደወሉልኝ። "አንተ ልጅ፣ ገብሳችን መሐል ሜዳ ላይ ሌላ ዋጋ፣ እህል በረንዳ ሲደርስ ሌላ ዋጋ። መሐሉን የሚበላው ማነው? እናንተ ደላሎች ናችሁ አይደል?" አሉኝ። ሳቄ መጣ። "ጋሼ፣ እኛም እንቀምሳለን፣ አልዋሽዎትም። ትልቁን ጉርሻ የሚወስደው ግን እደጅዎ የቆመው መኪና ነው" አልኳቸው። "አይሱዙው?" አሉ። "አዎ፣ አይሱዙው።"

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነገሩ ከጭንቅላቴ አልወጣም። ከደብረ ብርሃን በጣርማ በር፣ በመዘዞ አድርጎ ሞላሌና መሐል ሜዳ፣ ከዚያም እስከ ግሼ ራቤል፤ በወዲህ ደግሞ ከሙከጡሪ በለሚ ወርዶ ጀማን ተሻግሮ ዓለም ከተማ። በነዚህ መንገዶች ላይ ገብስ፣ ባቄላ፣ ምስር ወይም ጤፍ የጫነ መኪና ካያችሁ አብዛኛውን ጊዜ ስሙ አንድ ነው። ታድያ ይሄ ስም ከየት መጣ? እኛስ ምን አደረግነው?

ስሙ የወንዝ ስም ነው

አይሱዙ በጃፓን አገር፣ በትልቁ የኢሴ ቤተ መቅደስ አጠገብ የሚፈስ ወንዝ ነው። ስሙ ለመኪና የተሰጠው እ.ኤ.አ. በ1934 ነው። የድርጅቱ ሥር ግን ከዚያ ይቀድማል። እ.ኤ.አ. በ1916 በቶኪዮ አንድ የመርከብ ፋብሪካ ከአንድ የጋዝና ኤሌክትሪክ ድርጅት ጋር ሆኖ መኪና ለመሥራት ተነሳ። እንግሊዞቹ ወልስሌይ ፈቃድ ሰጧቸውና በ1922 የመጀመሪያዋን መኪና በአገራቸው ሠሩ። በ1936 የናፍጣ ሞተር ሠሩ፤ በ1937 ኩባንያው ዛሬ ልደቴ ብሎ የሚቆጥረውን ምሥረታ አደረገ። በ1942 አንዱ ክፍል ተገንጥሎ ሄደ፣ እሱ ዛሬ ሂኖ የምንለው ነው። "አይሱዙ ሞተርስ" የሚለውን ስም የያዙት በ1949 ነው።

ለኛ ለነጋዴዎቹ ዋናው ዓመት 1959 ነው። ያኔ ኤልፍ የሚባል ቀላል የጭነት መኪና አወጡ፣ ጋቢናው ሞተሩ ላይ የተቀመጠ። ይኸው ኤልፍ ከጃፓን ውጭ ሲሸጥ የ"ኤን" ተከታታይ ተባለ። እኛ ኤንፒአር የምንለው የእሱ ልጅ ነው። ከፍ ያለው ፎርዋርድ ደግሞ ውጭ አገር የ"ኤፍ" ተከታታይ ሆነ፣ ኤፍኤስአር የመጣው ከዚያ ነው። ፊደሎቹም ዝም ብለው አልተለጠፉም። የመጀመሪያው ቤተሰቡን፣ መካከለኛው የክብደት ደረጃውን ይናገራል። መጨረሻ ላይ ያለው "አር" በኋላ እግሩ ብቻ የሚነዳ ማለት ነው። በ"ኤስ" ካለቀ፣ ኤንፒኤስ እንደሚባለው፣ አራቱም እግር ይጎትታል።

ኩባንያው ከውበትም ጋር ሞክሮ ነበር። በ1968 ጣሊያናዊው ጁጃሮ የነደፈውን 117 ኩፔ የሚባል መኪና አወጣ። እስካሁን ሰው የሚሰበስበው ነው። ግን በቤት መኪናው ገበያ ከነቶዮታ ጋር መታገል አልሆነለትም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ የራሱን የቤት መኪና መሥራት አቆመ። በ2002 ደግሞ በአገሩ ከመንገደኛ መኪና ገበያ ጨርሶ ወጣ። ከ1971 ጀምሮ አክሲዮን የነበረው የአሜሪካው ጄኔራል ሞተርስም በ2006 ድርሻውን ሸጦ ሄደ። ሰው "አለቀለት" ሊል ይችላል። አላለቀለትም። የሚያውቀውን፣ ናፍጣና ጭነትን ይዞ ቀረ። በ2021 እኛ "ኒሳን ዩዲ" የምንላቸውን ከባድ መኪኖች የሚሠራውን ፋብሪካ ከቮልቮ ገዝቶ የራሱ አደረገ። የማያውቀውን ዕቃ ትቶ የሚያውቀውን የሚነግድ ሰው እንዲህ ነው፤ እኛም ውስጥ ይሄ ትምህርት የሚያስፈልገው ብዙ ነው።

እኛ ዘንድ እንዴት ንጉሥ ሆነ?

አባቶቻችን እህል ያመላለሱት በጣሊያኖቹ መኪና ነው፣ በኤንትሬ። ጠንካራ ነበር፣ ግን ትልቅ ነው። የመንዝ ገበሬ ገበያ የሚያወጣው አንድም ሁለትም ኩንታል ነው፣ ለአንድ ትልቅ መኪና የሚበቃ እህል ለመሰብሰብ ብዙ ቀን ይፈጃል። ኤንፒአር አንድ የገበያ ቀን ይሞላዋል። ኤፍኤስአር ሁለት ገበያ ቢፈልግ ነው። አይሱዙ የገባው በዚህች ቀዳዳ ነው፣ ከገበያችን ልክ ጋር ተገጣጠመ።

ሁለተኛው ነገር መለዋወጫው ነው። ወኪሉ ካኪ አዲሱን ይሸጣል፣ መርካቶ ደግሞ ኦሪጅናሉንም ኮፒውንም ይሸጣል። የደብረ ብርሃን መካኒክ ዓይኑን ጨፍኖ ይፈታዋል። ሻንሲው ላይ የአገር ውስጥ ጋራዦች የአውቶቡስ አካል ሠርተውበት "ቅጥቅጥ" አልነው፣ ስንቱ የገጠር ሰው አዲስ አበባን መጀመሪያ ያየው በቅጥቅጥ ተሳፍሮ ነው። በዚህ ምክንያት አይሱዙ ያለው ሰው ሊብሬውን እንደ ባንክ ደብተር ያስቀምጠዋል። ልጅ ሊድር፣ ቤት ሊሠራ ሲያስብ ገዢው ሳምንት ሳይሞላ ይመጣለታል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባል የለ? እዚህ ስም ከገበያ በላይ ውሏል።

ሦስተኛው ከፍታው ነው። መሐል ሜዳ ከባሕር ጠለል 3,000 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ያለው አየር ባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል የሳሳ ነው። ሞተርም እንደ ሰው አየር ያጥረዋል። እኛ ጋ የተለመደው ኤፍኤስአር 33 ስድስት ሲሊንደር፣ 8.2 ሊትር ሞተር ነው። ኤንፒአር 71 አራት ሲሊንደር፣ 4.6 ሊትር ነው። ብዙዎቹ ተርቦ የላቸውም። ተርቦ የሌለው ሞተር ለገጠር ጋራዥ ቀላል ነው፣ ከፍታ ላይ ግን ጉልበቱ ይቀንሳል። ሹፌሩ በከባድ ማርሽ እየጎተተ ናፍጣ ያፈሳል። ስለዚህ ለአንድ ዓይነት ኪሎ ሜትር የመንዝ ጭነት ከሜዳው አገር ጭነት ቢወደድ ማንም አላጭበረበራችሁም።

ሌላው ስሙ

ጥሩ ስሙን ተናገርን። አይሱዙ ግን አገራችን ውስጥ ሌላም ስም አለው። "አልቃይዳ" ተብሏል። ሲኖትራክን "ቀይ ሽብር" እንዳልነው ሁሉ። ስሙን ያወጣው መንገድ ላይ የቀረው ሰው ብዛት ነው። እኔ ይሄንን ስም ስሰማ እንደ ሌላው ሰው አልስቅም። ምክንያቱን ልንገራችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ነው፣ በጾም ዋዜማ። አዲስ አበባ ምስር በየቀኑ ይጨምራል። ዓለም ከተማ ላይ ያዘጋጀሁት ጭነት አለ፣ ገዢው ደግሞ "ጠዋት ካልደረሰ ሌላ እገዛለሁ" ብሎኛል። ሹፌሩ ጎልማሳ ሰው ናቸው፣ ጋሼ እላቸዋለሁ። ልኩ ከተጫነ በኋላ "ጋሼ፣ ሃያ ኩንታል ይጨምሩልኝ፣ ማታውኑም ይውረዱ" አልኳቸው። "አንተ ልጅ፣ ጀማን እኮ ታውቀዋለህ" አሉኝ። "አውቃለሁ ጋሼ፣ ግን ዋጋው ነገ ይወርዳል" አልኩ። ጫኑ።

ከዓለም ከተማ ወደ ጀማ የሚወርደው ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ጋለ። የፍሬን ሸራ ሲግል አይዝም፤ ብትረግጠው ብትረግጠው ባዶ ነው። ገደሉ በአንድ ወገን ነው። ጋሼ መሪውን ወደ ተራራው ወገን ሰብረው ግንቡን አስደገፉት። እሳቸው ተረፉ። ረዳቱ፣ ገና ልጅ ነው፣ እግሩ ተሰበረ። ምስሩ አስፋልት ላይ ፈሰሰ። እኔ ሌሊቱን ደርሼ በእጅ ባትሪ ከአፈር ጋር ስለቅም አደርኩ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለውን ተረት በሥራ አየሁት።

ልጁን ዓለም ከተማ ሆስፒታል ወሰድነው። በር ላይ ተቀምጠን "መኪናው ከዳዎት ጋሼ" አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። "መኪናው አልከዳኝም። እኔም አንተም ነን የከዳነው። እሱ የሚችለውን ጋቢናው ላይ ጽፎ ነው ከጃፓን የመጣው" አሉኝ። ሌላ ቃል አልተናገሩም። የእኔ ትርፍ ስንት ነበር? ያኔ ኮሚሽኔ በኩንታል 20 ብር ነው። ሃያ ኩንታል፣ 400 ብር። ልጁ እስከ ዛሬ ሲራመድ ያነክሳል። ደብረ ብርሃን ሳገኘው ሰላምታው አልጎደለም፣ እኔ ነኝ ዓይኑን ማየት የሚያቅተኝ።

ስሌቱን አብረን እንሥራ

አሁን ወደ ሥራችን። ቁጥሮቹ ለማሳያ ናቸው፣ የራሳችሁን አስገቡበት። አንድ መኪና በ16,000 ብር ተከራያችሁ እንበል። ልኩ 80 ኩንታል ነው። በኩንታል 200 ብር ይመጣል። መቶ ብትጭኑበት 160 ይሆናል። ልዩነቱ 40 ብር ነው። ከልክ በላይ የምንጭነው ሁላችን ለዚህች 40 ብር ነው።

ግን 40 ብሯ የትም አልሄደችም። ባሌስትራ ይሰበራል፣ ጎማ ይፈነዳል፣ ፍሪሲዮን ይቃጠላል። ባለ መኪናው ይሄንን ከኪሱ አይከፍልም፤ በሚቀጥለው ወቅት ኪራዩ ላይ ይጨምረዋል። ኪራዩ ሲጨምር ነጋዴው ገበሬው ደጃፍ ላይ የሚሰጠውን ዋጋ ይቀንሳል። ዞሮ ዞሮ ከፋዩ የመንዝ ገበሬ ነው። ጋሼ የማኅበሩ ሰው፣ የጥያቄዎ መልስ እዚህ ውስጥ አለ።

መተኪያውም እንደ ድሮ ቀላል አይደለም። በኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገለ መኪና ማስገባት ከባድ ታክስ መጣበት። ከሐምሌ 2014 ጀምሮ የነዳጅ ድጎማው በደረጃ እየተነሳ መጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሩ ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 አለፈ። ከውጭ የሚመጣ መለዋወጫ ሁሉ ከዶላሩ ጋር ወጣ። እንግዲህ ያለንን አይሱዙ ከጨረስነው ሌላው በስንት እንደሚመጣ አስቡት። የጸጥታው ነገር መንገድ የሚያዘጋበት ቀን ሲጨመርበት፣ የቆመ መኪና ዕዳም ኪራዩ ውስጥ ይገባል።

ስለዚህ የምለው ይሄ ነው።

ለዩኒየኖች፦ ኪራይ በኩንታል ሳይሆን በመኪና ተዋዋሉ፤ የኩንታሉን ልክም ውሉ ላይ ጻፉ። በኩንታል የሚከፈለው ሰው ሁልጊዜ አንድ ጆንያ መጨመር ያምረዋል። ወደ ላይ ሲሚንቶ፣ ቢራና ሸቀጥ ይዞ የወጣ መኪና ባዶውን መመለስ አይፈልግም፤ መልስ ጭነት ጠብቃችሁ ብትይዙ 40 ብሯን ማንንም ሳትጎዱ ታገኟታላችሁ።

ለነጋዴዎች፦ ጎማና ፍሬን ሸራ ሳታዩ አትጫኑ። ቦሎ አለው ማለት ፍሬን አለው ማለት አይደለም። ኮፒ ሸራ የገዛ ሰው ርካሽ አልገዛም።

ለላኪዎች፦ ከጅማም ከወለጋም ቡናችሁ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው በዚሁ መኪና ነው። ክረምት ላይ መንገድ ዳር ሁለት ሌሊት ያደረ ቡና እርጥበቱን ይዞ ይገባል፣ የመርከቡም ቀን አይጠብቅም። "ዛሬ ማታ ይድረስ" ከማለታችሁ በፊት ያቺን ማታ ማን እንደሚነዳት አስቡ።

ለእኛ ለደላሎች፦ አንድ ቃል እንተው። "ጨምርበት" የምትለዋን። እኔ ከዚያ ሌሊት ወዲህ ብያት አላውቅም። ሁለት ገዢ አጥቼባታለሁ።

ኩባንያው ያንን ስም ለማግኘት መቶ ዓመት ያህል ፈጅቶበታል። እኛ ደግሞ በአንድ ቁልቁለት "አልቃይዳ" እናሰኘዋለን። ከመኪናው ጋር የሚመጣውን የልክ ጽሑፍ አንድ ጊዜ ቆማችሁ አንብቡት፣ ሹፌራችሁንም "ስንት ይበቃሃል?" ብላችሁ ጠይቁት።

የዛሬው ዋጋ ማታ 2 ሰዓት ላይ ይወጣል። የመሐል ሜዳንና የዓለም ከተማን የጭነት ኪራይ የምታውቁ በውስጥ መስመር ላኩልኝ፣ ከነገ ጀምሮ ከእህሉ ዋጋ ጎን አወጣዋለሁ። በሰላም ግቡ።