ዋት ሲበዛ ድምፅ ይጠራል? ስለ አምፕሊፋየር የሚባለውና እውነታው

ካርቶኑ ላይ «1000 ዋት ፒኤምፒኦ» የሚል ጽሑፍ ያየ ገዢ ልቡ ይሞላል። ፒኤምፒኦ ግን ሁሉም የተስማማበት አለካክ የለውም፤ አምራቹ የፈለገውን ሊጽፍ ይችላል። የሚታመነው በስንት ኦም ስፒከር፣ በምን ያህል መዛባት እንደተለካ ተገልጾ የተጻፈ የአርኤምኤስ ዋት ነው። ያም ቢሆን ከ50 ዋት ወደ 100 መውጣት 3 ዴሲቤል ብቻ ይጨምራል። ጆሮ «እጥፍ ሆነ» እንዲል ኃይሉ ወደ 10 እጥፍ ገደማ ማደግ አለበት።

«ከፍ ሲያደርጉት ካልተንጫጫ ጥሩ ነው» የሚለው ደግሞ የባሰ ያሳስታል። ብዙ ጊዜ መውጫው ላይ ሁለት ትራንዚስተሮች ሥራ ይካፈላሉ፤ አንዱ የሞገዱን የላይኛውን ግማሽ፣ ሌላው የታችኛውን ይይዛል። የሲሊከን ትራንዚስተር 0.6 ቮልት ገደማ ካላገኘ አይከፈትም። ስለዚህ ርክክቡ ላይ ሁለቱም የሚዘጉበት ክፍተት ይፈጠራል፤ ይህ ጉድለት ጎልቶ የሚሰማውም ድምፁ ዝቅ ሲል ነው። መድኃኒቱ ሙዚቃ በሌለበትም ጊዜ በሁለቱ ውስጥ ጥቂት ከረንት እንዲያልፍ ማድረግ ነው። ትራንዚስተር ሲሞቅ ግን ከረንቱ ይጨምራል፣ ከረንቱ ሲጨምር ይበልጥ ይሞቃል፣ መጨረሻው መቃጠል ነው። አዋቂ ንድፍ አውጪ ሙቀቱን የሚከታተል ሌላ ትንሽ ትራንዚስተር እዚያው ሂትሲንኩ ላይ ያስራል፤ ሙቀቱ ሲጨምር እሱ መክፈቻውን ቮልት ይቀንሳል። ለእኔ ከጠቅላላው ሰርኪዩት እጅግ የሚያምረው ይህ ክፍል ነው።

ብዙ አድማጮች «ኔጋቲቭ ፊድባክ የሙዚቃን ነፍስ ይገድላል» ሲሉ ይሰማሉ። ሐሳቡ የቤል ላብስ መሐንዲስ የሃሮልድ ብላክ ነው፤ በነሐሴ 1927 እ.ኤ.አ. በጀልባ የሃድሰንን ወንዝ እየተሻገረ ሳለ የመጣለት፣ ለረጅም የስልክ መስመሮች ማጉያ እንዲያገለግል ነበር። ከመውጫው ጥቂቱ ተመልሶ ከመግቢያው ጋር ይነጻጸራል፤ ልዩነቱም ስሕተቱን ያርማል። እርማቱ መዛባትን ብዙ እጥፍ ይቀንሳል። የፊድባክን ስም ያጠፉት ቀርፋፋ ሰርኪዩቶች ናቸው። 100 ዋት በ8 ኦም ላይ የሚሰጥ አምፕሊፋየር እስከ 20,000 ኸርዝ ሙሉ ኃይሉን እንዲያደርስ መውጫው በማይክሮ ሰከንድ 5 ቮልት ያህል መፍጠን አለበት። የፊተኛው ደረጃ ይህን ፍጥነት ካልቻለ እርማቱ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ጥፋቱ የፊድባክ አይደለም።

እምምም የሚለውን ጉርምርምታ ለማጥፋት ካፓሲተር መደራረብም የተለመደ ነው። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ከፓወር ሰፕላዩ የሚመጣው ጉርምርምታ 100 ኸርዝ ነው። ብዙ ጊዜ መንስኤው የግራውንድ ሽቦ አዘረጋግ ነው፦ ካፓሲተሩን የሚሞላው ከባድ ከረንትና የመግቢያው ስስ ሲግናል አንድ ሽቦ ከተጋሩ፣ ካፓሲተር ቢጨመርም ጉርምርምታው ይቀጥላል። ግራውንዶቹን ለየብቻ አምጥቶ አንድ ነጥብ ላይ ማገናኘት ግን ብዙውን ጊዜ ይፈታዋል።

አምፕሊፋየር ስትገዙ በለሆሳስ ከፍታችሁ አድምጡ። ሙዚቃውን አቁሙና ጆሯችሁን ወደ ስፒከሩ አስጠጉ፤ ቢያንስ ስንት ኦም ስፒከር እንደሚችልም ሳትጠይቁ አትክፈሉ።