ብቻቸውን የቆሙ ጀብዱዎች አንድ ዘመቻ ስለሚሆኑበት ብልሃት

ጌሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን ያዘጋጁት፣ በ1974 በፈረንጆች አቈጣጠር በአሜሪካ፣ በዊስኮንሲን ግዛት፣ ከሌክ ጄኔቫ ከተማ ታትሞ የወጣው «ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የተባለው ጨዋታ፣ ተጫዋቾች በጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው እያንዳንዳቸው የአንድ ምናባዊ ጀግና ጠባይና ዕጣ ከተቀበሉ በኋላ፣ ጨዋታ መሪው በሚተርክላቸው ዓለም ውስጥ በቃል እየተመላለሱ፣ አጠራጣሪውን ነገር ለዳይስ ፍርድ የሚተዉበት፣ ከጦር ሜዳ ጨዋታዎች ተወልዶ ወደ ተውኔት ያዘነበለ ሥርዐት ነው። ለመሪዎቹ የሚታተሙት የጀብዱ መጻሕፍት ግን አብዛኞቹ ለየብቻቸው የቆሙ ናቸው፤ አንድ ዋሻ፣ አንድ የጠላት አለቃ፣ አንድ መዝገበ ሀብት፣ ከዚያም ፍጻሜ። እነዚህን አያይዞ በየሳምንቱ ክፍል በክፍል የሚቀጥል ዘመቻ ማድረግ የመሪው ፈንታ ነው።

የዚህ ሥራ ጥንታዊ አብነት ጋይጋክስ ራሱ በ1978 ያሳተማቸው ሦስቱ የረዓይት ጀብዱዎች ናቸው። በጨዋታ ጉባኤ ላይ ለውድድር የቀረቡ እንደ መሆናቸው እያንዳንዳቸው የራሳቸው መግቢያና መውጫ አላቸው፤ ነገር ግን ጀግኖቹ ወደ ኮረብታው ረዓይት መኖሪያ ሲላኩ፣ እርስ በርስ የማይስማሙትን እነዚህን ግዙፋን ፍጥረታት በአንድነት ያስነሣቸው ማን እንደ ሆነ መርምሩ ተብለዋልና፣ አለቃውን ገድለው ቢመለሱ እንኳ ጥያቄው አልተመለሰም። ያለቃውን ሀብት የበረበሩ እንደ ሆነ ካርታና አስማታዊ ሰንሰለት ያገኛሉ፤ ሰንሰለቱም ወደ በረዶው ረዓይት ገደል ያደርሳቸዋል። በሦስተኛው፣ በእሳቱ ረዓይት ንጉሥ አዳራሽ፣ ከነገሩ ሁሉ በስተ ኋላ ድራው የተባሉት ከምድር በታች የሚኖሩ ጥቋቁር ኤልፎችና ኤክላቭድራ የምትባል ካህናቸው መኖራቸው ይገለጣል፤ በዚያው ዓመት የታተሙት ሌሎች ሦስት ጀብዱዎችም ጀግኖቹን ወደ ጥልቁ ያወርዷቸዋል። በእኔ አስተያየት የአያያዙ ውበት እዚህ ላይ ነው፤ ማንም ተጫዋች ወደ ሚቀጥለው መጽሐፍ ሂድ አልተባለም፤ በእጁ የገባው ካርታ ግን ዝም ብሎ አያስቀምጠውም። በ1980 የተጨመረውና ዴቪድ ሰዘርላንድ የጻፈው መደምደሚያ፣ ስለ ሸረሪቷ ንግሥት ሎልዝ የሚናገረው፣ መንፈሱ ከቀደሙት የራቀ ነው፤ ክሩ ባይበጠስም ቀለሙ ተለውጧል።

በ1980 እና በ1981 የወጡት አራቱ የባሪያ ነጋዴዎች ጀብዱዎች ደግሞ ተቃራኒውን መንገድ ያሳያሉ። ሦስተኛው ሲያልቅ ጀግኖቹ፣ የፈለጉትን ያህል በብልሃት ቢጫወቱ፣ መማረካቸው አይቀርም፤ አራተኛው ከጦር መሣሪያቸውና ከጥሩራቸው ተራቁተው፣ ግልድም ብቻ ታጥቀው፣ በጨለማ ወህኒ ሲነቁ ይጀምራልና። አራተኛው በራሱ ድንቅ ጀብዱ መሆኑን አልክድም፤ ነገር ግን ለወራት ሰይፉን ሲያካብት የኖረ ተጫዋች በመጽሐፍ ትእዛዝ ሲገፈፍ፣ ቂም የሚይዘው በባሪያ ነጋዴዎቹ ሳይሆን በጨዋታ መሪው ላይ ነው።

የጀግኖቹን የኃይል ደረጃ ከሚቀጥለው ጀብዱ ጋር ማስማማት የሒሳብ ጉዳይ ነውና ብዙ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው የሰዎቹ ነገር ነው፤ አንዱ በሥራ፣ አንዱ በሕመም ይቀራል። ስለዚህ እያንዳንዱ ክፍል በአንድ ምሽት ተጀምሮ ቢያልቅና ጀግኖቹ በመጨረሻው ወደ አንድ ማረፊያ ቢመለሱ፣ የቀረው ሰው በሚቀጥለው ሳምንት ያለ ምክንያት ፍለጋ ይገባል።

በ2017 የጨዋታው አሳታሚ ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት ሰባት የቆዩ ጀብዱዎችን በአንድ መድበል ሲያሳትም ይህን ማረፊያ አዘጋጅቷል፤ በዎተርዲፕ ከተማ ያለው የያውኒንግ ፖርታል መጠጥ ቤት ነው፤ ባለቤቱም ዱርናን የተባለ፣ ዘመቻ ያቆመ ጀግና። ሰባቱ ከዚህ በቀር የሚያገናኛቸው የታሪክ ሐረግ ስለሌለ የቀረውን መሪው ይፈትላል። በመጀመሪያው ጀብዱ ሚፖ የሚባል፣ እንዲጠብቅ የተሰጠው የዘንዶ ግልገል ተሰርቆበት የሚያለቅስ፣ ኮቦልድ ከሚባሉት ፍጥረታት ወገን የሆነ ገጸ ባሕርይ አለ፤ መጽሐፉ ትንሽ ቦታ ቢሰጠውም ተጫዋቾች ግን ይወዱታል። ብልህ መሪ ይህንኑ ሚፖን ወደ ሁለተኛው ጀብዱ፣ በተራራ ውስጥ ወደ ተሠራው ወደ ድንኮቹ ምሽግ፣ በመንገድ መሪነት ያመጣዋል፤ ያን ጊዜ ሁለቱ መጻሕፍት በምን ይገናኛሉ ብሎ የሚጠይቅ ተጫዋች አይገኝም።