ፒካፕ ላይ አልጋ፦ አንድ ወጥ ጣውላ ወይስ ሦስት ቁራጭ?

አሜሪካ ውስጥ ፒካፕ መኪናን ወደ መኝታ መቀየር የተለመደ ነገር ነው። አንዳንዱ ለቅዳሜና እሁድ ሽርሽር፣ አንዳንዱ ደግሞ የቤት ኪራይ ስለከበደው ነው የሚያደርገው። ቪዲዮዎቹን ቲክቶክ ላይ ሳታዩ አልቀራችሁም፤ ከላይ ክዳን፣ ከታች ዕቃ ማስቀመጫ፣ መሀል ላይ የጣውላ አልጋ።

ቪዲዮው የማያሳያችሁን ነገር ዛሬ እንንገራችሁ።

🔹 ወጥ ጣውላ ለምን ያስቸግራል?

እዚያ የሚሸጠው ፕላይውድ፣ በእኛ አናጺዎች አጠራር ኮምፔርሳቶ፣ 122 በ244 ሳንቲ ሜትር ነው። 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አንዱ ሉክ 30 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ትልልቆቹ ፒካፖች በጎማ ጉብታዎቻቸው መሀል ከ122 ሳንቲ ሜትር በላይ ስለሚሰፉ ጣውላው ልክክ ብሎ ይገባል።

ችግሩ የሚመጣው ሌሊት ላይ ነው። ጃኬታችሁ ከአልጋው ስር ቢሆን ፍራሹንም ጣውላውንም ማንሳት ሊኖርባችሁ ነው። ስለዚህ ብዙዎች ቆይተው ጣውላውን በአግድም ሦስት ቦታ ይቆርጡታል። አልጋው 2 ሜትር ቢሆን አንዱ ቁራጭ 8 ኪሎ አካባቢ ይሆናል፤ በአንድ እጅ ይነሳል።

🔹 ስትቆርጡ ምን ይቀየራል?

ወጥ ጣውላ ክብደትን ለጎረቤቱ ያካፍላል። ሲቆረጥ ግን እያንዳንዱ ጠርዝ ለብቻው ይቀራል። መገጣጠሚያው ስር ድጋፍ ከሌለ መሀሉ ይሰምጣል፣ ውሎ አድሮም ይሰነጠቃል። ስለዚህ በየመገጣጠሚያው ስር ሞራሌ አግድሙበት፤ ሁለቱም ጠርዞች እሱ ላይ ይረፉ። መሀሉ ላይ እግር ብትጨምሩለት ደግሞ የተሻለ ነው።

በቁራጮቹ መካከል 3 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ተዉ፤ እንጨት እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል። ለማንሻ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ይበቃል፣ ግን ጠርዙ ላይ አትብሱት። ቀዳዳው አየርም ያስገባል። ሌሊት የምንተነፍሰው እርጥበት ፍራሹ ስር ሲጠራቀም ሻጋታ ያመጣልና።

ቁመታችሁ ረዘም ያለ ከሆነ አጭሩን ፒካፕ ተጠንቀቁ፤ የጭነት ክፍሉ 170 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። መፍትሔው መጨረሻው ቁራጭ ላይ ማጠፊያ ገጥሞ፣ የኋላው በር ሲከፈት ወደ ውጭ የሚዘረጋ ማድረግ ነው።

⚠️ ከውበቱ በፊት ይህንን!

1️⃣ ጣውላዎቹን እሰሩ። ድንገት ፍሬን ሲያዝ ያልታሰረ ጣውላ ወደ ፊት ይወረወራል። መኪናው ራሱ ካለው ማሰሪያ ጋር አያይዙት። ወለሉን ዝም ብላችሁ አትብሱ፤ ከስሩ የነዳጅና የኤሌክትሪክ መስመር ሊኖር ይችላል።

2️⃣ የክዳኑ በር ከውስጥ መከፈቱን አረጋግጡ። ብዙዎቹ ክዳኖች የሚከፈቱት ከውጭ ብቻ ነው። እሳት ቢነሳ በየት ልትወጡ ነው?

3️⃣ ውስጥ ምንም አታንድዱ። የከሰል ጭስ የስንቱን ቤት እንደዘጋ እኛ አገር የማያውቅ የለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ አይታይም፣ አይሸትም፤ ጠባብ ክፍል ውስጥ ደግሞ ቶሎ ይሞላል። ምድጃም ሆነ ማሞቂያ ውጭ ይቆይ። ሞተር አስነስቶ መተኛትም ያው አደጋ ነው። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ አልጋው አጠገብ ስቀሉ።

4️⃣ ክብደቱን ደምሩ። መኪናው የሚችለው ጭነት በሾፌሩ በር በኩል ያለው ስቲከር ላይ ተጽፏል። ክዳኑ፣ ጣውላው፣ ውሃው፣ እናንተም ጭምር ትቆጠራላችሁ።

🔹 የት ይታደራል?

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. በግራንትስ ፓስ ከተማ ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ ከተሞች በሕዝብ ቦታ ማደርን የሚከለክሉ ሕጎቻቸውን ማስፈጸም እንደሚችሉ ፈርዷል። ስለዚህ የየከተማውን ሕግ አስቀድሞ ማየት ግድ ነው። በፌዴራል መንግሥት ሰፋፊ የሕዝብ መሬቶች ላይ ግን በአብዛኛው በ28 ቀን ውስጥ እስከ 14 ቀን በነጻ ማደር ይቻላል።

እዚያ ያላችሁ ቤተሰቦቻችን፣ መጋዙን ከማንሳታችሁ በፊት ሁለት ጊዜ ለኩ። ይህንን ሥራ ለጀመረ ጓደኛችሁም ሼር አድርጉለት፤ በተለይ ቁጥር 3ን 🙏