ኦራክል የሌለበት የጉለሌ መዝገብ

ጳውሎስ ሆስፒታልም ሆነ በጉለሌ ክፍለ ከተማ ያሉት የመንግሥት ጤና ጣቢያዎች ስንት እናት ወለደች፣ ስንት ሕፃን ተከተበ የሚለውን ወርኃዊ ቁጥር የሚያስገቡት ዲኤችአይኤስ 2 ላይ ነው። ጤና ሚኒስቴር በ2010 ዓ.ም. በአገር ደረጃ ሥራ ላይ ያዋለውን ይህን ሥርዓት የሚያበለጽገው የኖርዌዩ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ የእኛን ዘመን አቆጣጠርም ከነጳጉሜው ያውቃል። ከሥር መረጃውን የሚይዘው ግን ፖስትግሬስ ነው፦ ማንም አውርዶ ያለ ክፍያ የሚጭነው ዳታቤዝ። የፋይዳ መታወቂያ የተገነባበት፣ ባንጋሎር የተወለደው ሞሲፕም በዚሁ በፖስትግሬስ ይሠራል።

እንዲህም ሆኖ አንድ የግል ድርጅት ሲስተም ሊያሠራ ሲነሳ የመጀመሪያው ጥያቄ «ኦራክል ነው?» ይሆናል። ኦራክል በክፍያ የሚሸጥ ዳታቤዝ ነው፤ ውድ ነገር አይከዳም የሚል እምነት አለ።

እምነቱ ስንት ያስከፍላል? የኦራክል ኢንተርፕራይዝ የዋጋ ዝርዝር ለአንድ ፕሮሰሰር ፈቃድ 47,500 ዶላር ይላል፤ በየዓመቱ ለድጋፍ ደግሞ የዚህን 22 በመቶ። ዶላር 57 ብር ገደማ በነበረበት ጊዜ ፈቃዱ 2.7 ሚሊዮን ብር ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ተለቀቀ፤ ዶላር 120 ብር ሲደርስ ያው ፈቃድ 5.7 ሚሊዮን ብር ሆነ፣ የዓመቱ ድጋፍ ብቻ ከ1.2 ሚሊዮን በላይ። ሶፍትዌሩ ላይ አንድ መስመር አልተጨመረም። ገዢው ተደራድሮ ቅናሽ ቢያገኝም ዕዳው በዶላር መሆኑ አይቀርም።

ሽሮ ሜዳ የሀበሻ ልብስ ለሚሸጥ ሱቅ ይህን መግዛት አንድ ኪሎ ቡና ለማድረስ ሲኖትራክ እንደመከራየት ነው። የደንበኛ ስም፣ ልክ፣ ቀብድ፣ የቀረ ክፍያ፤ ለዚህ ኤስኪውላይት ይበቃል። ሪቻርድ ሂፕ በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጣው፣ ዛሬ በሁሉም አንድሮይድ ስልክ ውስጥ ያለው ዳታቤዝ ነው፤ ሙሉ መረጃው አንድ ፋይል ነው። ድክመቱ በአንድ ጊዜ አንድ ጸሐፊ ብቻ ማስተናገዱ ነው። ሦስት ካሸሮች ቀኑን ሙሉ እኩል የሚመዘግቡበት ቤት ከሆነ ወደ ፖስትግሬስ ወይም ሌላ ነጻ ዳታቤዝ ወደሆነው ማሪያዲቢ ማለፍ ይሻላል። ማይክሮሶፍት የለመደ ባለሙያ ደግሞ ኤስኪውኤል ሰርቨር ኤክስፕረስ አለለት፤ ነጻ ነው፣ ግን በ2025 እ.ኤ.አ. ስሪቱ አንድ ዳታቤዝ ከ50 ጊጋባይት አይበልጥም። ሕጋዊው ነጻ እያለ ክራክ የተደረገውን መጫን፣ ማን ምን እንደከተተበት ሳይታወቅ፣ ለምን እንደሚመረጥ መረዳት ይከብዳል።

መብራትስ ሲጠፋ? ፖስትግሬስ እያንዳንዱን ለውጥ ዋናው ሰንጠረዥ ላይ ከማስፈሩ በፊት በተለየ መዝገብ ይጽፈዋል፤ መብራት ሲመለስ ያንን አንብቦ ራሱን ያስተካክላል። ኦራክልም የሚያደርገው በመሠረቱ ይህንኑ ነው። ማይኤስኪውኤል የተባለው ነጻ ዳታቤዝ ግን ቀድሞ ማይአይሳም በተባለው የአቀማመጥ ዘዴው ድንገተኛ መቋረጥን መቋቋም አይችልም ነበር፤ «ነጻ ዳታቤዝ ይበላሻል» የሚለው ስም በከፊል ከዚያ ዘመን የቀረ ነው። ከ2010 እ.ኤ.አ. ወዲህ መደበኛ ምርጫው መቋረጥን የሚቋቋመው ኢኖዲቢ ስለሆነ ወቀሳው አርጅቷል።

ወደ አማርኛ ሲመጣ ደግሞ ውድነት ጭራሽ አያድንም። ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ የስም ዓምዱ የአማርኛን ፊደል የሚይዘው «ኤንቫርቻር» መሆን ሲገባው «ቫርቻር» ተብሎ ከተፈጠረ ፊደሉ ሁሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ሊቀር ይችላል። «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበን ታካሚ «ሀይሉ» ብሎ የፈለገ የካርድ ክፍል ሠራተኛም፣ ሲስተሙ በሚሊዮን ብር ቢገዛ እንኳ፣ አላገኘውም ብሎ ሁለተኛ ካርድ ያወጣል። ፖስትግሬስ ላይ ሀ፣ ሐ፣ ኀን፣ ሰና ሠን፣ ጸና ፀን ወደ አንድ አምጥቶ የሚፈልግ ኢንዴክስ መሥራት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው። ግን የሚሠራው ሰው ነው።

ወጪው ያለውም እዚያ ነው፤ ፈቃዱ ነጻ ቢሆንም ጠባቂው ደመወዝ ይፈልጋል። ባክአፕ በየሌሊቱ ይወሰዳል መባሉ አይበቃም፤ ከዚያው ሰርቨር ውጭ መቀመጡን፣ ሌላ ማሽን ላይ ተመልሶ መከፈቱን የሚያይ ባለሙያ ያስፈልጋል። ለፈቃድ ሊወጣ ከነበረው ሩቡ እንኳ ለዚህ ሰው ቢከፈል የተሻለ ግዢ ነው።

ባንኮች ሌላ ጉዳይ ናቸው። እንደ ፍሌክስኪዩብ ያለ፣ ከኦራክል ጋር አብሮ የተሠራ ዋና ሲስተም ያለው ባንክ ዳታቤዙን ብቻ ነቅሎ ልተካ ቢል ይጎዳል። የራሱን ሲስተም በኦራክል ላይ ያሠራ መካከለኛ ድርጅት ግን ኦራ2ፒጂ የተባለውን ነጻ መሣሪያ ቢያስነሳ፣ የትኛው ኮድ በቀላሉ ወደ ፖስትግሬስ እንደሚዞር፣ የትኛው በእጅ እንደሚጻፍ፣ ሥራው በግምት ስንት የሰው ቀን እንደሚወስድ ዘርዝሮ ያወጣለታል። ዳታውን አይነካም፤ የሚቀጥለው ዓመት የድጋፍ ክፍያ ከመፈረሙ በፊት ሊሞከር ይችላል።