ከሆድ ጀምሩ

አምቦ ላይ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። እንስሳት ከአካባቢያቸው ጋር ስለሚላመዱበት መንገድ ተምረን ስንጨርስ ለተማሪዎቼ የምሰጠው የቤት ሥራ አለ፤ ብርድ የማይለቀው፣ አስማት ያለበት ጫካ አስቡ፣ እዚያ የሚኖር ቅጠል በል እንስሳ ፈጥራችሁ ሥዕሉን ከነማብራሪያው አምጡ። ይወዱታል። ጸጉር፣ ቀንድ፣ በጨለማ የሚያበራ ዐይን ይዘው ይመጣሉ። ስለ ሆድ ያሰበ ግን ለመድኃኒት አይገኝም።

ችግሩ ያለው እዚያው ነው። ጸጉር ሙቀት ይይዛል እንጂ አይፈጥርም። ሙቀቱ ከምግብ ነው የሚመጣው፤ ቅጠል ደግሞ ብዙ ጉልበት የማይሰጥ ምግብ ነው። ሴሉሎሱን የሚሰባብር ኢንዛይም አጥቢ እንስሳ በራሱ አይሠራም፤ ባክቴሪያ መቅጠር አለበት።

ስለዚህ ወደ ጊንጪ እወስዳቸዋለሁ፤ መኪና ሲገኝ በአካል፣ ሳይገኝ በወሬ። ከከተማው በስተ ሰሜን ያለው የጭሊሞ ደን ጥድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ጥቁር እንጨት የበዛበት የደጋ ደን ነው። ከፍታው ከ2000 ሜትር በላይ ስለሆነ ማለዳ ጉም ሲተኛበት አስማት ቢሉት አያጣላም። ጸጉር ጸጉር ለሚሉት የምኒልክ ድኩላን እጠቅስላቸዋለሁ፤ ረጅምና ጠቆር ያለ ጸጉር አለው፣ ግን እሱም የሚያመሰኳ ነው። የእኔ ምርጫ ጉሬዛ ነው። ሆዱ ክፍል ክፍል ያለው ትልቅ ጨጓራ ነው፤ የዋጠው ቅጠል እዚያ እንደ ጠላ ጋን ይብላላል። እንደ ላም አያመሰኳም እንጂ ሥራው ያው ነው።

ከዚያ ጥያቄ ይከተላል። «እንስሳህ ምን ሲያደርግ ይውላል?» «ይሮጣል፣ ይዋጋል፣ ቲቸር።» ጉሬዛ ግን ከቀኑ ግማሽ የሚበልጠውን በዕረፍት ያሳልፋል። ማለዳ ዛፍ ጫፍ ወጥቶ ፀሐይ ይሞቃል፣ ይበላል፣ ተመልሶ ይቀመጣል። ሰነፍ ሆኖ አይደለም፤ ከቅጠል የሚገኘው ጉልበት ከዚህ አያልፍም።

አንዱ ልጅ እንስሳውን ማር ማር የሚል የበሰለ ፍሬ አብልቶ መጣ። ጉሬዛ ከበሰለው ይልቅ ጥሬውን ይመርጣል፤ ስኳር የበዛበት ፍሬ ሆዱ ውስጥ ቶሎ ቦክቶ አሲድ ይሆንበታል። ይህን ለከተማ ልጅ ለማስረዳት ሰሌዳ ሙሉ ይጻፋል። ከገጠር የመጡት ግን ሳልጨርስ ይገባቸዋል፤ አውድማ ገብታ ስንዴ የጠገበች ላም ምን እንደምትሆን አይተዋል።

ሌላዋ ደግሞ እናቲቱን ጥቁር፣ ልጇን ነጭ አድርጋ ስትስል ክፍሉ ሳቀባት። እኔ ግን ማርክ ጨመርኩላት። የጉሬዛ ልጅ ሲወለድ ሙሉ በሙሉ ነጭ ነው፤ የእናቱን መልክ የሚይዘው ከወራት በኋላ ነው።

እስካሁን ማንም ያላሰበው ጨው ነው። ቅጠል ሶዲየም የለውም ማለት ይቻላል፤ በኡጋንዳ ጉሬዛዎች ከዛፍ ወርደው የውሃ ተክል ሲለቅሙና አፈር ሲበሉ ታይተዋል። የእኛም ከብት ሆራ የሚነዳው ጨው ፍለጋ ነው። አምቦ ውሃ እየጠጣ ያደገ ልጅ ይህን መርሳቱ ይገርመኛል፤ አስማቱ ይሸፍነዋል ብለው ይሆናል።

ዘንድሮ አሠራሩን ቀይሬያለሁ። መጀመሪያ የሚሳለው ሆድ ነው፤ ከ10 ማርክ 4ቱ ለእሱ ነው። ቀንድ ማርክ የለውም። ክንፍ የሚያወጣለት ካለ ደግሞ የሚበርበትን ጉልበት ከየትኛው ቅጠል እንዳገኘው ያስረዳ።