የአያቴ ፊት የት ገባ? በስልካቸው ፎቶ ለሚያነሱ እናቶችና አባቶች

ባለፈው ዓመት የአክስቴ ልጅ ባር ሚጽቫ ላይ ፎቶ የማንሳቱ ሥራ ለእኔ ተሰጠኝ። «ጋዜጠኛ አይደለሽ? አንቺ ታነሻለሽ» ተባለና ነገሩ በዚያው አለቀ። ደህና ካሜራ ተከራይቼ ምሽቱን ሙሉ ሳነሳ አመሸሁ። በማግስቱ ፎቶዎቹን ስልኬ ላይ ጭኜ አያቴ ቤት ሄድኩ። አያቴ ስልኩን አንዴ ጠጋ፣ አንዴ ራቅ እያደረገች አየችና «ነጠላዬስ በጣም ያምራል። እኔ ግን የት ገባሁ?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ነጠላው እስከ ጥለቱ ክር ድረስ ጥርት ብሎ ይታያል። ፊቷ ግን ጨልሞ ዓይኗና አፏ እንኳ በደንብ አይለይም። እንዲህ ያለ ፎቶ የሌለበት ቤት ያለ አይመስለኝም። ሠርግ ሄደው ያነሱትን፣ የልጅ ልጅ የወታደር መሐላ ላይ የተነሱትን እስቲ ዛሬ ማታ ከፍተው ይዩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ካሜራ ፊት ለፊቱ የቆመችው የማን እናት እንደሆነች አያውቅም። እሱ የሚያውቀው የብርሃን መጠን ነው። ያየውን ሁሉ ደምሮ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣው ይሞክራል። ነጭ ነገር በብዛት ሲያይ «ኧረ ብርሃኑ በዛ» ይልና ሁሉንም ያጨልማል። ያን ጊዜ ነጩ ልብስ ልኩን ያገኛል፣ ጠይሙ ፊት ይጠፋል። የኛ በዓል ደግሞ ነጭ በነጭ ነው፤ ነጠላው ነጭ፣ ቀሚሱ ነጭ፣ ታሊቱ ነጭ፣ የአዳራሹ ግድግዳ ሳይቀር ነጭ። አዳዲሶቹ ስልኮች ፊት ለይተው ለማየት ተሠርተዋል። ቢሆንም ብዙ ጊዜ ይሳሳታሉ።

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። ፎቶውን ከማንሳትዎ በፊት በስልኩ መስታወት ላይ የሰውየውን ፊት በጣትዎ አንዴ ነካ ያድርጉ። ልብሱን ሳይሆን ፊቱን። ወዲያው ትንሽ የፀሐይ ወይም የአምፖል ምልክት ይወጣል። ጣትዎን መስታወቱ ላይ ወደ ላይ ሲስቡ ፊቱ እየበራ ይመጣል፣ ወደ ታች ሲስቡ ይጨልማል። አንዳንዱ ስልክ ላይ ጣት የሚሳበው ወደ ጎን ነው፤ አንድ ሁለቴ ከሞከሩት እጅዎ ይለምደዋል። ነጠላው ትንሽ ከመጠን በላይ ቢነጣ ግድ የለም። ለልጅ ልጅዎ የሚቀረው ፊትዎ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላንሳ። ካሜራ ከኛ ፊት ጋር ያልተስማማው ዛሬ አይደለም። በፊልም ዘመን ኮዳክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ለፎቶ ቤቶች የቀለም ማመሳከሪያ ካርድ ይልክ ነበር። ካርዱ ላይ ያለችው ሴት ነጭ ነበረች፤ «ሸርሊ» ይሏታል። ፎቶ አጣቢው ቀለሙን የሚያስተካክለው የሸርሊ ፊት እስኪያምር ድረስ ነው። የጥቁር ሰው ፊት በዚያ ልክ ሲታጠብ ጥርስና ዓይን ብቻ ይቀራል። ፊልሙ ቡናማ ቀለምን ለይቶ እንዲያሳይ ግፊት ካደረጉት መካከል የቸኮሌት ፋብሪካዎችና የእንጨት ዕቃ ሠሪዎች እንደነበሩ ይነገራል። ቸኮሌታቸውና ጠረጴዛቸው በማስታወቂያ ላይ አላምር አላቸው! ጉግል በ2021 እ.ኤ.አ. ፒክስል 6 የተባለውን ስልኩን ሲያወጣ የጠይም ሰው ፊት በትክክል እንዲታይ ብሎ የሠራውን ነገር እንደ ትልቅ ዜና አስተዋውቆታል። እንግዲህ የድሮ አልበም ከፍተው «እንዴት እንዲህ ጠቆርን?» ካሉ፣ ጥፋቱ የእርስዎ እንዳልሆነ ይወቁ።

ከስልኩ ቀጥሎ የሚያስፈልገው ብርሃን ነው። ሰው መስኮት ሥር አስቀምጦ ከመስኮቱ በኩል ማንሳት ትልቅ ስህተት ነው ብለው የሚፈሩ አሉ፤ ስህተቱ ግን የተገላቢጦሹ ነው። መስኮቱ ከሰውየው ጀርባ ከሆነ ፊቱ ይጨልማል። እርስዎ መስኮቱን ጀርባዎ ወይም ጎንዎ አድርገው ይቁሙ፣ ሰውየው ወደ ብርሃኑ ይመልከት። የጣሪያውን መብራት ያጥፉት፤ ከዓይን በታች ጥላ ይጥላል። የስልኩን ብልጭታም ይርሱት። ከሁለት ሜትር አያልፍም፣ ቅርብ ሲሆን ደግሞ ግንባር ያብለጨልጫል።

ለእኔ የሳምንቱ ምርጥ ሰዓት ዓርብ ከሰዓት በኋላ ነው። ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ወርቅ ትመስላለች። ቤቱ ጸድቷል፣ ዳቦው ወጥቷል፣ ልጆቹ ታጥበው ነጭ ለብሰዋል። ሰንበት ሳይገባ፣ ሻማው ሳይበራ አሥር ደቂቃ አውጥተው ሁሉንም በረንዳ ላይ ያስቀምጡና ያንሷቸው። ከዚያ ስልኩ ይዘጋ።

ሲግድ ላይ ደግሞ ራሱን የቻለ ችግር አለ። ኢየሩሳሌም አርሞን ሃነጺቭ ላይ ስንጸልይ ወደ ቤተ መቅደሱ ቦታ እንዞራለን፤ ያ በስተሰሜን ነው። በኅዳር እኩለ ቀን ፀሐይ በስተደቡብ ናት፣ ያውም ዝቅ ብላ። ስለዚህ የጸሎተኛውን ፊት አነሳለሁ ብሎ ፊት ለፊት የሚቆም ሰው ፀሐይዋን እያየ ነው የሚያነሳው። ውጤቱን ያውቁታል። ወደ ጎን ይሂዱ። ከጎን ሲያዩ ብርሃኑ የፊቱን ግማሽ ያገኛል፣ የቄሶቻችን ጃንጥላም አብሮ ይገባል። ስለ ጃንጥላው አንድ ጉድ ልንገርዎት፤ ቀይ ጃንጥላ ሥር የቆመ ሰው ፊቱ ቀይ፣ አረንጓዴ ሥር የቆመ አረንጓዴ ሆኖ ይወጣል። እኔ አንድ ትልቅ ቄስ አረንጓዴ አድርጌ አንስቻለሁ፤ ፎቶውን እስከ ዛሬ ለማንም አላሳየሁም።

እስክስታስ? አዳራሽ ውስጥ ብርሃን ስለሚያንስ ስልኩ ብርሃን ለመሰብሰብ ዓይኑን ትንሽ ረዘም አድርጎ ይከፍታል፣ ትከሻ ደግሞ አይጠብቅም። ጉም ይሆናል። ጨፋሪዋ ትንፋሽ ለመውሰድ ቆም የምትልበትን ቅጽበት ይጠብቁ። ሙዚቃውን ከእኛ በላይ እናንተ ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደ ዕቃው። ብዙ አባቶች «ምን ዓይነት ካሜራ ልግዛ?» ብለው ይጠይቁኛል። መልሴ፦ መጀመሪያ የስልክዎን ዓይን በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ይጥረጉ። አልቀልድም። ወጥ የነካ ጣት፣ ኪስ ውስጥ ያለ አቧራ፣ ሁሉም እዚያች ትንሽ መስታወት ላይ ነው የሚያርፈው። ፎቶው ጭጋግ የለበሰ ከመሰለዎት ዘጠና በመቶ ምክንያቱ እሱ ነው፤ ይህን ቁጥር ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ከአክስቶቼ ስልክ ተነስቼ። ሁለተኛ፣ ሰው ለማቅረብ በሁለት ጣት መስታወቱን አይለጥጡ፣ በእግርዎ ጠጋ ይበሉ። ሦስተኛ፣ 0.5 የሚለውን ሰፊ ዓይን ለቤተሰብ ፎቶ አይጠቀሙ። ዳር የቆመውን ሰው ይለጥጠዋል፣ ዳር የምትቆመው አክስት ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ትቀየማለች። እጅዎ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ትንሽ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ይግዙ። አንዳንዶቹ ከሩቅ የሚጫን ቁልፍ አላቸው፤ ያን ጊዜ እርስዎም ፎቶው ውስጥ ይገባሉ። በየአልበሙ የሚጎድለው ሁልጊዜ ፎቶ አንሺው ነው።

ፎቶውን ወደውት እውነተኛ ካሜራ የሚፈልጉ ከሆነ አዲስ አያስፈልግዎትም። ያገለገለ የካኖን ወይም የኒኮን ካሜራ ከ50 ሚሊሜትር ሌንስ ጋር ይበቃል። ሌንሱ ላይ 1.8 የሚል ቁጥር ይፈልጉ፤ ዓይኑ ሰፋ ብሎ ስለሚከፈት በደካማ ብርሃንም ያነሳል፣ ያገለገለው በጥቂት መቶ ሼቄል ይገኛል። ሻጩን ግን ካሜራው እስከ ዛሬ ስንት ፎቶ እንዳነሳ ይጠይቁት። መኪና ሲገዙ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ እንደሚጠይቁት ማለት ነው።

ያነሱትን ስለ ማስቀመጥም ሁለት ቃል። ፎቶ በዋትስአፕ ሲላክ ይጨመቃል። ስልክ ላይ አያስታውቅም፣ ታትሞ ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ግን ይታወቃል። ለማሳተም ከሆነ ልጆችዎን «እንደ ሰነድ ላኩልኝ» ይበሏቸው። ጉግል ፎቶዎችን በነጻ ያለ ገደብ ማስቀመጡን በሰኔ 2021 አቁሟል፤ አሁን በነጻ የሚሰጠው 15 ጊጋባይት ከኢሜይሉ ጋር በጋራ ነው። ከሞላ አዲሱ ፎቶ አይቀመጥም፣ ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ስልኩ ሲጠፋ ነው። በየበዓሉ አምስት ስድስት ፎቶ በወረቀት ማሳተም የእኔ ምክር ነው።

የወረቀቱ ነገር ከተነሳ፣ መሳቢያ ውስጥ ወዳለው ልሂድ። ከሀገር ቤት የመጣ ፎቶ ያለው ቤት ጥቂት ነው። በሱዳን በኩል የመጡት ወረቀት ይዘው መንገድ የሚወጡበት ጊዜ አልነበረም። ስለዚህ ያለው አንድም ቢሆን በስልክ ይቅዱት። መስኮት አጠገብ ጠረጴዛ ላይ ያስተኙት፣ ብልጭታ ያጥፉ፣ ስልኩን ሳያጋድሉ ከላይ ቀጥ አድርገው ይያዙት። የሚያብረቀርቅ ከሆነ የጉግል «ፎቶስካን» የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ አራት ጊዜ ከተለያየ አቅጣጫ አንስቶ ነጸብራቁን ያጠፋል። ፎቶው ከመስታወቱ ጋር ከተጣበቀ ግን በምንም ዓይነት አይሳቡት። ከነመስታወቱ ይቅዱት።

ይህን የማውቀው ስላጠፋሁ ነው። አያቴ ከጎንደር ያመጣችው አንድ ፎቶ ነበራት። ፎቶ ቤት ውስጥ፣ አበባ በተሳለበት መጋረጃ ፊት፣ እሷና ታናሽ እህቷ ቆመዋል። እህቷ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆናት ነው። በ1984 እ.ኤ.አ. ወደ ሱዳን ሲሄዱ መንገድ ላይ ቀረች። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ለትምህርት ቤቱ «አቮዳት ሾራሺም» ፎቶውን ከክፈፉ ላውጣ ብዬ ስስበው የእህቷ ትከሻና የአገጯ ጫፍ መስታወቱ ላይ ቀረ። አያቴ አልተቆጣችኝም። መስታወቱን ከእጄ ተቀብላ በጨርቅ ጠቀለለችው፣ እስከ ዛሬ አለ።

ከፎቶው ጀርባ በእርሳስ 1974 የሚል ተጽፎ ነበር። እኔ እዚህ የተወለድኩ ነኝ፣ ለእኔ 1974 ያው 1974 ነው። ደምሬ ቀንሼ «የአያቴ እህት በሃያ ሁለት ዓመቷ ሞተች» ብዬ ጻፍኩ። ጥሩ ውጤት አገኘሁ፣ ክፍል ፊት ቆሜም አነበብኩት። ዩኒቨርሲቲ ገብቼ አንድ ቀን ይህንኑ ለአያቴ ሳወራት ነው «ምን ሃያ ሁለት? ሕፃን ነበረች እኮ» ያለችኝ። 1974 በሀገር ቤት አቆጣጠር ነበር። እዚህ አቆጣጠር 1981 ወይም 1982 መሆኑ ነው። አሥራ አራት ዓመቷ ነበር።

ስለዚህ ከፎቶ ጀርባ ሲጽፉ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የሚለውን አይርሱ። ስክሪፕቶ አይጠቀሙ፣ ቀለሙ ወደ ፊት ያልፋል፤ ለስላሳ እርሳስ ይያዙና ሳይጫኑ ይጻፉ። የሰውየውን ስም ከነአባቱ፣ የመንደሩን ስም፣ እዚህ ሲመጣ የዕብራይስጥ ስም ተሰጥቶት ከሆነ እሱንም ይጨምሩ። የልጅ ልጆችዎ ፊደል የማያነቡ ከሆነ አንዱን አጠገብዎ ያስቀምጡና እርስዎ እየነገሩት በዕብራይስጥ ይጻፈው። ስልኩንም ድምፅ እንዲቀዳ ያድርጉና አጠገባችሁ ያኑሩት።

እኛም ቤት ባለፈው ፋሲካ ሰሞን እንዲሁ አደረግን። የአያቴ እህት ስም ብርሃኔ ነው። እስከዚያ ቀን ድረስ ስሟን ጠይቄ አላውቅም ነበር።