«እሱ» የተባለበት አልበም

አሜሪካዊው ድምፃዊ ፍራንክ ኦሽን «ቻነል ኦሬንጅ» የተሰኘውን አልበሙን ለአድማጭ ያደረሰው እ.ኤ.አ. በጁላይ 2012 ነው። አልበሙ ሊወጣ ቀናት ሲቀሩት ቀድመው እንዲሰሙት የተጋበዙ ጋዜጠኞች አንድ ነገር ልብ አሉ። በአንዳንዶቹ ዘፈኖች ውስጥ ተፈቃሪው «እሷ» ሳይሆን «እሱ» ነው። ወሬው ወዲያው ተናፈሰ። ድምፃዊው አላስተባበለም፤ ጁላይ 4 ቀን ለአልበሙ የምስጋና ገጽ አስቦ ከወራት በፊት የጻፈውን ደብዳቤ ለሕዝብ ይፋ አደረገው።

ደብዳቤው የመጀመሪያ ፍቅሩን ይተርካል። በ19 ዓመቱ አንድ እኩያው የሆነ ወጣት ወደደ፤ ሁለት የበጋ ወቅቶችንም አብረው አሳለፉ። ስሜቱን እያለቀሰ ሲነግረው ልጁ ጀርባውን መታ መታ አድርጎ ከማጽናናት በቀር የልቡን አልመለሰለትም። ልጁ እውነቱን ያመነው ከዓመታት በኋላ ነው። «ኦሬንጅ» የሚለው የአልበሙ መጠሪያም ከዚያው በጋ የመጣ ነው፤ ድምፃዊው ያንን ጊዜ ሲያስታውስ ብርቱካናማ ቀለም እንደሚታየው ተናግሯል።

«እሱ» ብሎ መዝፈኑ ምን ያህል ድፍረት እንደጠየቀው ለአማርኛ አድማጭ ማስረዳት ይገባል። እንግሊዝኛ ተፈቃሪን ሲያናግር ጾታ አይለይም፤ ወንድ የወደደ ወንድ ዕድሜውን ሙሉ ሲዘፍን ኖሮ ማንም ሳያውቅበት ሊያልፍ ይችላል። በእኛ ቋንቋ «ወደድኩህ» ወይም «ወደድኩሽ» ካላሉ ግጥሙ አይቆምም። ፍራንክ ኦሽን ቋንቋው የሰጠው መደበቂያ ነበረው፤ ወጥቶ መቆምን መረጠ። ያኔ ገና 24 ዓመቱ ነበር።

ከአልበሙ ሁሉ ልቤን የሚነካው «ባድ ሪሊጅን» ነው። ሦስት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። እንደ ቤተ ክርስቲያን በከበደ የኦርጋን ድምፅ ይጀምራል፤ ቆይቶ ጭብጨባና የቫዮሊን ድምፆች ይገቡበታል። ታሪኩ ታክሲ ውስጥ ነው። ተሳፋሪው ሹፌሩን ለጥቂት ጊዜ የነፍስ ሐኪሙ እንዲሆንለት ይማጸነዋል። ሹፌሩ በሃይማኖቱ ቃል ሲመልስለት ተሳፋሪው የተረገመ መስሎት ይደነግጣል። ጸሎት ያስፈልግሃል ሲባል ግን ባይጠቅም አይጎዳም ብሎ ይቀበላል። ከዚያ በኋላ የሚሰማው መልስ የሌለው ፍቅር ያንበረከከው ሰው ጩኸት ነው። አርባ ምንጭ ውስጥ ከሲቀላ ወደ ሴቻ ዳገቱን በባጃጅ የወጣ ሰው፣ ለቅርብ ዘመዱ የማይነግረውን ለማያውቀው ሹፌር ማውጋት ምን እንደሆነ አያጣውም። ድምፃዊው ጁላይ 9 ምሽት በጂሚ ፋለን የቴሌቪዥን ዝግጅት ሲቀርብ የዘፈነው ይህንኑ ነው፤ ቀለል ያለ ዘፈን አላጣም ነበር።

«ቲንኪን ባውት ዩ» ላይ ደግሞ አዝማቹን በጣም ቀጭን በሆነ ከፍተኛ ድምፅ ያወጣዋል። ይህ ድምፅ ለጋሞ ጆሮ እንግዳ አይደለም። የዶርዜ ወንዶች ተሰብስበው ብዙ ድምፆችን እያነባበሩ ሲያዜሙ ከወፍራሙ በላይ የሚንሳፈፈውን ቀጭን ድምፅ የሚያወጣው ወንድ ነው፤ ወንድነቱንም የሚጠይቀው የለም። ልዩነቱ ዶርዜው በጓደኞቹ ድምፅ መታጀቡ፣ ይኸኛው ብቻውን መሆኑ ነው።

አቀባበሉ ብዙዎች ከፈሩት የተሻለ ሆነ። አልበሙ በመጀመሪያው ሳምንት ወደ 131,000 ቅጂ ተሽጦ በቢልቦርድ ሰንጠረዥ 2ኛ ደረጃ ያዘ። ቢዮንሴ በይፋ አጋርነቷን ገለጸች፤ የሂፕ ሆፕ አንጋፋው ራስል ሲመንስም ድምፃዊውን የሚያደንቅ ጽሑፍ አወጣ። ፍራንክ ኦሽን የወጣበት «ኦድ ፊውቸር» የተባለው ቡድን በግጥሞቹ ተመሳሳይ ፆታ የሚያፈቅሩ ሰዎችን በሚያዋርዱ ስድቦች ይወቀስ ስለነበር ይህ ቀላል ነገር አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2013 የግራሚ ሽልማት ላይ አልበሙ በዘርፉ አሸነፈ። ሁሉም ግን አልተቀበለም፤ ራፐሩ ስኑፕ ዶግ በዚያው ዓመት፣ ይህ ነገር በዘፋኞች ዘንድ ያልፍ ይሆናል፣ በራፕ ዓለም ግን መቼም ተቀባይነት ማግኘቱን እጠራጠራለሁ የሚል አስተያየት ሰጥቷል።

በእኛ ሀገር ግን የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 የተመሳሳይ ፆታ ግንኙነትን በቀላል እስራት ይቀጣል። ከሕጉ በፊት ደግሞ ቤተሰብና ጎረቤት ይፈርዳሉ። ነገሩ ከውጭ የመጣ ነው የሚለው ክርክር ሲነሳ፣ አንትሮፖሎጂስቱ ዶናልድ ዶንሃም እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ከጋሞ ብዙም በማይርቀው የማሌ ምድር ያጠናውን ማስታወስ ይገባል። ወንድ ሆነው ተወልደው እንደ ሴት የሚለብሱ፣ የሴት ሥራ የሚሠሩ፣ «አሽቲሜ» የሚባሉ ሰዎች በማሌው ንጉሥ ቤት ቦታ እንደነበራቸው ጽፏል። ይህን የማነሳው ዛሬ በዝምታ የሚኖር ወጣት ከዚህ ምድር ውጭ የበቀለ እንዳልሆነ እንዲታወቅልኝ ነው።

ከእኛ ወገን የተገኘች፣ ተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪነቷን ሳትሸሽግ የምትዘፍን ድምፃዊትም አለች። ዊች ፕሮፌት በሚል የመድረክ ስም የምትታወቀው፣ የኢትዮጵያና የኤርትራ ደም ያላት የካናዳ አርቲስት እ.ኤ.አ. በ2020 «ዲኤንኤ አክቲቬሽን» የተባለ አልበም አውጥታለች። ዘፈኖቹን በቤተሰቧ አባላት ስም ሰይማቸዋለች፤ ከእንግሊዝኛው ጋር አማርኛና ትግርኛም ይሰማባቸዋል። ወላጅና ዘመድ ያባርረኛል ብሎ ለሚሰጋ ሰው፣ ዘመዶቹን በስም እየጠራ የሚዘፍን አልበም መስማት ትልቅ ነገር ነው።

«ቻነል ኦሬንጅ»ን ገና የሚሰማ ሰው ከ«ቲንኪን ባውት ዩ» ቢጀምር ይሻለዋል። ወደ 10 ደቂቃ የሚጠጋው «ፒራሚድስ» ትዕግሥት ይፈልጋል፤ ከጥንቷ ግብፅ ንግሥት ተነስቶ ወደ ዛሬዋ ከተማ ጭፈራ ቤት ይዘልቃል። «ፎረስት ገምፕ» በፊልሙ ስም ተጠርቶ አንድ ወንድ በልጅነት ስለወደደው ልጅ የሚያወጋ፣ ፉጨት ያለበት ዘፈን ነው፤ በግራሚው መድረክ ላይ ቆሞ የዘፈነውም እሱን ነው።